የአደጋ ጊዜ ተጠሪ

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ከመሰዒድ ማዶ፣
አስፋልቱ አልቆ፣ አሸዋው መንገድ ላይ ተንዶ፣
ጎማ አስተነፍሳለሁ።
የሞላ ጎማ ይሰምጣል፣ የጎደለ ይንሳፈፋል፤
ይህን ለመጣ ሁሉ እነግራለሁ፤ የመጣው ሁሉ ሰምቶ ያልፋል።

ታክሲ ጥሏት ሄደ። አንዲት ሴት፣ ብቻዋን፣
በግራ እጇ ጨብጣ የታጠፈ ብሯን፣
ነጭ ሸራ ጫማ፣ ጥቁር ረጅም ቀሚስ፣
ዓይኗ አንዴ ከባጊው፣ አንዴ ከእኔ ሲደርስ።
በዓረብኛ ጠየቀች፣ «ሰዓቱ በስንት ነው?»
ጓዳ ያስተማረው ዓረብኛ፣ ከ«አምጪ» ከ«ጥረጊ» የማያልፈው።
እኔም በጋራዥ ዓረብኛዬ፣ ፊቴን በሻሽ እንደጠቀለልኩ፣
«ሦስት መቶ» አልኳት። ቆጥራ ሰጠችኝ። ደግሜ ቆጠርኩ።
ልክ ነው።

ቅጽ አለ፣ ይሞላል። ስም፣ ስልክ፣ የደም ዓይነት፣
ከታች «የአደጋ ጊዜ ተጠሪ» የሚል ባዶ ቤት።
እስክሪብቶውን ይዛ እዚያች ቤት ላይ ቆመች፤
አንድ ቁጥር ጀመረች፤ ሰረዘች፤ አሰበች፤
ከዚያ ጻፈች።
ስሟን ግን አየሁት፤ እንዳሻሽ ይላል።
እንዲህ ያለ ስም ከየት እንደሚመጣ ማን ይጠፋዋል?
ዝም አልኩ። የአገር ልጅ ነኝ ብል ቅናሽ ልትጠይቅ ነው፤
ደግሞም አንዳንድ ሰው ዓርቡን የሚፈልገው
የሚያውቀው እንዳይኖር ነው።

«እኔ ልንዳ፣ አንቺ ከጎን» አልኳት እንደ ደንቡ።
«አይሆንም።
ሰባት ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጬ፣
የሰው ልጅ በክንዴ፣ የሰው ቦርሳ ጨብጬ፣
የሾፌር ማጅራት ሳይ ነው የኖርኩት።
መሪውን ስጠኝ፤ ለዚህ ነው የከፈልኩት።»

የራስ ቁር አጠለቅኩላት፣ ቀበቶዋን አጠበቅኩ፤
ከጎኗ ገብቼ ደንቡን በጣቴ ቆጠርኩ፤
«ሽቅብ ስትወጪ እግርሽ አይጠራጠር።
አናቱ ላይ ረገብ፤ ከማዶ ያለውን የሚያውቅ የለም ፍጡር።
ቁልቁል ቀጥ ብለሽ ነው፤ ጎን ከሰጠሽ ትገለብጪናለሽ።
ከሰመጥሽ ሞተር አታስጩኺ፤ ባስጮኽሽው ቁጥር ትቀበሪያለሽ።»
ራሷን ነቀነቀች። የገባት «ሽቅብ» ብቻ ነው መሰለኝ፣
የመጀመሪያውን ቁልል ስትወጣው ጥርሴን አጋጨችኝ።

ነፋስ የሚመታው ጎን ይጸናል፤ ነፋስ የማይነካው ይከዳል።
ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጠልዝ ያደገ እግር
እንኳ ሁለት በጋ ፈጅቶበታል።

ሦስተኛው ላይ፣ አናቱ ጋ፣ አፍንጫችን ሰማይ አየ፤
መሬት የሚባል ነገር ከፊታችን ተለየ፤
ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።
ዓረብኛው ሻንጣውን ይዞ ከአፏ ወጥቶ ሄደ፤
«ኧረ የእናቴ አምላክ!» ቃሉ ቁልቁል ቀድሞን ወረደ።
እኔም ራሴን ረሳሁ፤ «አይዞሽ! ልቀቂው፣ ቀጥ በይ፣ አትፍሪ፣
ይወርዳል፣ ራሱ ይወርዳል፤ አንቺ ብቻ ምሪ!»
ወረደ። ሆዳችን ትንሽ ዘግይቶ ደረሰ።
ሞተሩን አጠፋች። አሸዋው ከኋላችን ጥቂት ጊዜ ፈሰሰ።

ከፊታችን ባሕሩ፣ በረሃው መሐል የገባው፤
ሰው ሁሉ እዚህ ሲደርስ ስልኩን ነው የሚያወጣው።
እሷ ባሕሩን አላየችም። ያየችው እጇን ነው፤
መሪው ላይ የሚንቀጠቀጠውን፣ በረኪና የበላው፣
እንደ ሌላ ሰው እጅ ገልብጣ ገልብጣ አየችው።

«ቅድም ለምን ዝም አልክ?» አለችኝ በአማርኛ።
«ቅናሽ እንዳትጠይቂ።» «ወይ አንተ! ነጋዴ ሁነኛ!»
ከየት ነሽ አላልኳትም፤ ከየት ነህም አላለችኝ፤
«ስንት ደቂቃ ቀረኝ?» ብላ ነው የጠየቀችኝ።
«ሃያ።»
ሃያውንም ነዳችው። አንዴ ሰመጠች፤ አካፋ ሰጠኋት፤
ራሷ ቆፍራ ወጣች፤ እኔ ቆሜ አየኋት።

ማታ፣ ኮንቴይነሩ ቢሮ ውስጥ፣ አሸዋ ከጆሮዬ እየጠረግሁ፣
የቀኑን ቅጾች ስጠርዝ የእሷን ለይቼ አወጣሁ።
የተሰረዘው ቁጥር የማን እንደነበር አይለይም።
ከጎኑ የጻፈችውን ከላይ ካለው ስልኳ ጋር አስተያየሁት፤
ስምንቱም አኃዝ አንድ ነው።
«ዝምድና» በሚለው ላይ፣ በአማርኛ፣ ጫን አድርጋ፦
ራሴ።

ደንቡ ይህን አይፈቅድም፤ ጃምሺድ ቢያየው ይመልሰዋል።
ከሌሎቹ መሐል ከተትኩት። ማን ገልጦ ያየዋል?